አቤት የሚባለው የት ነው?

ደብዳቤው የመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ጎረቤቴ ፖስታውን ይዛ፣ ከሥራ እስክመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው። ጥገኝነት ተፈቅዶላት ግሪን ካርዷን የምትጠብቅ፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ መጦሪያ ውስጥ አረጋውያንን የምታገላብጥ ሴት ናት። ወረቀቱን ዘርግቼ አነበብኩላት። ሁላችንም «ፉድ ስታምፕ» የምንለው የምግብ ድጎማ እንደሚቋረጥባት ይናገራል፤ ምክንያቱ አዲስ የወጣ ሕግ ነው። የሻርፗን ጫፍ እያጠፈች እየዘረጋች ሰማችኝ።

«ምን አጥፍቼ ነው ጋሼ?»

«ምንም አላጠፋሽም፤ ሕጉ ተቀይሮ ነው።»

«ታዲያ አቤት የሚባለው የት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ሻይ አፍልቼ አጠጣኋት፤ ስለ ልጆቿ ትምህርት ጠየቅኳት፤ ተሰነባበትን። ጥያቄዋ ግን ቤቴ ቀረ።

«አቤት» የሚገርም ቃል ነው። ሰው ሲጠራ የሚመልሰውም፣ ሲበደል የሚጮኸውም እሱኑ ነው። ልጅ እናቱ ስትጠራው «አቤት» ይላል። ርስቱን የተነጠቀ ሰውም በንጉሥ ደጅ ቆሞ «አቤት፣ አቤት» ይል ነበር። ተበዳዩ ማንም ሳይጠራው እንደተጠራ ሰው ሲመልስ «ልትጠራኝ ይገባህ ነበር፤ አልጠራኸኝም፤ እኔ ግን መጥቻለሁ» ማለቱ ይመስለኛል። የሚሰማ ጆሮ እንዳለ አምኖ ነው የሚጮኸው። ዳኛ ጆሮ አለው። ንጉሥም ባይሰማ እንኳ ፊት ነበረው። አንዴ የወጣ ሕግ ግን ጆሮም ፊትም የለውም። አቤት መባል የነበረበት ረቂቅ ሳለ፣ ሰዎች በኮሚቴ ክፍል ተቀምጠው አንቀጽ ሲጨምሩና ሲቀንሱ ነበር። ያኔ ጎረቤቴ የማታውቀው ሰው አልጋ አጠገብ ቆማለች። ድምፅ የመስጠት መብትም የላትም።

ያ ሕግ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ጁላይ 1 ቀን 2025 በአሜሪካ ሴኔት 50 ለ50 ሆኖ፣ በምክትል ፕሬዚዳንቱ አንድ ድምፅ አለፈ። ከሁለት ቀን በኋላ በተወካዮች ምክር ቤት 218 ለ214 ጸደቀ። ጁላይ 4 ተፈረመ። ግሪን ካርድ ያላገኙ ስደተኞችንና ጥገኝነት የተሰጣቸውን ሰዎች ከምግብ ድጎማው አስወጣ። ድጎማውን ለማግኘት የመሥራት ግዴታው እስከ 54 ዓመት የነበረውን እስከ 64 ዓመት ዘረጋው። ሜዲኬይድ በሚባለው የድሆች የጤና መድን ከሚታከሙት መካከልም ብዙዎቹ በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን እንዲያስመሰክሩ ደነገገ። የምክር ቤቱ የራሱ የበጀት ቢሮ በሕጉ ምክንያት እስከ 2034 ድረስ 10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የጤና መድን አልባ እንደሚሆኑ ገምቷል። ይህን ሁሉ የወሰነው የአንድ እጅ ጣቶች የሚበቁት የድምፅ ልዩነት ነው።

እሷ አቤት ማለት ባትችልም፣ ስለ እሷ አቤት ያሉ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ መካከል የካቶሊክ ደናግልና ጳጳሳት ይገኛሉ። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ ስለ እነሱ ለማሰብ ያነሳሳኝም ወገንተኝነት አይደለም። ድሀን ማብላት የሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። ስለ ድሀ በሕግ አውጪ ደጅ መቆም ግን ምን ዓይነት ሥራ ነው? ይህን ልረዳ ፈለግሁ።

በእኛ ቋንቋ ስለ ሌላ ሰው የሚናገር ሰው ሁለት ስም አለው፤ አማላጅ እና ጠበቃ። አማላጁ የሚቆመው ጥፋት ባለበት ነው፤ «አጥፍቷል፤ ስለ እኔ ብለህ ተወው» ይላል። ጠበቃው የሚቆመው ሕግ ባለበት ነው፤ «ሕጉ ይህን ይሰጠዋል» ይላል። ጎረቤቴ አላጠፋችም፤ ስለዚህ አማላጅ አያሻትም። የምትጠቅሰው ሕግም ከእጇ ሊወጣ ነው፤ ስለዚህ ጠበቃም አይደርስላትም። ሕግ ገና ሲጻፍ ለሚቆምላት ሰው ያለን ስም ሦስተኛው ነው፤ ደጅ ጠኚ። የድሮ ሰው አገሩን ትቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ከጌታ በር ላይ ወራትና ዓመታት ይከርም ነበር፤ ሹመት ወይም መሬት ፍለጋ። ቃሉ እስከ ዛሬ ትንሽ ያሳፍራል፤ ደጅ ጠኚ የሚቆመው ስለ ራሱ እንጀራ ነውና። አሜሪካኖቹም ይህን ሥራ «ሎቢ» ያሉት ከአዳራሹ በፊት ካለው መጠበቂያ ክፍል ወስደው ነው፤ እነሱም የሚያስቡት ደጅን ነው። በዋሽንግተን ደጅ ከሚጠኑት ብዙዎቹ የመድኃኒት፣ የጦር መሣሪያና የባንክ ኩባንያዎች የቀጠሯቸው ናቸው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባል የለ። በ1971 መጨረሻ 47 ደናግል ዋሽንግተን ተሰብስበው የመሠረቱት፣ በ1972 ሥራ የጀመረው «ኔትወርክ» የሚባለው ድርጅት በዚያው መተላለፊያ መቆም ሲጀምር ሌላ ዓይነት ነገር ይዞ መጣ፤ ስለ ሌላ ሰው ደጅ መጥናት። የድርጅቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሲስተር ካሮል ኮስተን ነበሩ። ለራሳቸው የድህነት መሐላ የፈጸሙ ሴቶች ስለ ሰው ቤት ኪራይና ስለ ሰው ሕክምና ደጅ ሲጠኑ፣ ያ የሚያሳፍረው ቃል በእነሱ ዘንድ ይነጻል።

ተቃውሞ ግን አለው፤ ቀላልም አይደለም። ምጽዋት በፈቃድ ነው፣ በሕግ ሲሆን ፍቅርነቱ ይጠፋል የሚሉ ሰዎች አሉ። ከእኛም ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ግብር ከፋዩ ተገዶ የሰጠው ገንዘብ ለነፍሱ ምን ይጠቅመዋል? ድሀውስ ያልወደደውን ሰው ገንዘብ ሲበላ ምን ያገኛል?

ሐሳቡ ሲያስቸግረኝ ቃርሚያን አስታወስኩ። ገጠር ያደገ ያውቀዋል። ገብሱ ታጭዶ ነዶው ከተከመረ በኋላ በማሳው ላይ የቀረችውን ዛላ ልጆችና አቅመ ደካሞች ይለቅማሉ። ልጅ ሳለሁ ያየኋቸው አሮጊት በቀሚሳቸው ጫፍ እያጠራቀሙ ሲቃርሙ፣ የማሳው ባለቤት ከአጠገባቸው ቆሞ ቢያይም ቀና ብለው አላዩትም። ማመስገንም አልነበረባቸውም። የሚያጎነብሱት ለመሬቱ ነው፤ ለሰውየው አይደለም። ይኸው ጎንበስ ማለት በደጀ ሰላም ከሚያጎነብሰው የኔ ቢጤ ጎንበስ ማለት ምን ያህል ይለያል!

በኦሪት ቃርሚያ ደግነት ሳይሆን ሕግ ነው። የእርሻህን ዳር አትጨደው፣ የረሳኸውን ነዶ ተመልሰህ አታንሳው፣ እሱ የድሀው፣ የመጻተኛው፣ የሙት ልጁና የመበለቷ ነው የሚል ሐሳብ በዘሌዋውያንም በዘዳግምም አለ። ሩት ቤተልሔም ስትገባ ከእነዚህ ሦስቱን ነበረች፤ ድሀ፣ መበለት፣ ከሞዓብ የመጣች መጻተኛ። ቦዔዝን አታውቀውም፤ እሱም አያውቃትም። ወደ ማሳው ያስገባት ያ ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ ቦዔዝ ሠራተኞቹን ጠርቶ ሆን ብለው ዛላ እንዲጥሉላት አዘዘ። ይህን ሕግ አላስገደደውም፤ ደግነቱ ነው። ሕጉ ባይኖር ግን ደግነቱ ማንን ባገኘ? ሩት ከአጥሩ ውጪ ትቀር ነበር። ሕግ ፍቅርን ይገድላል ለሚሉ ወንድሞቼ ያለኝ መልስ ይህ ነው፤ የቦዔዝ ፍቅር የተወለደው ሕጉ ባስገባት እርሻ ውስጥ ነው።

እኔ ራሴ በቤተ ክርስቲያን በር «ስለ ማርያም» ሲሉኝ፣ ኪሴ ሳይጎድል «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ያለፍኩባቸው ቀናት አሉ። ደክሞኝ፣ ቸኩዬ፣ ወይም ያለ ምክንያት። የዚያን ቀን እዚያ የተቀመጠችው ሴት እራት በእኔ ስሜት ላይ የቆመ ነበር። የሰው ልጅ እራት በሌላ ሰው ስሜት ላይ መቆም የለበትም። ዮሐንስ አፈወርቅ ለድሀ አለማካፈል የድሀውን መስረቅ ነው ብሎ ሲያስተምር ያሰበው ይህን ይመስለኛል።

ሐሳቡን ከቃርሚያ ወደ ሕግ መጽሐፍ ያሻገረ አንድ ቄስ አለ፤ ጆን ራያን ይባላል። በ1869 በሚኒሶታ፣ ከአየርላንድ ከፈለሱ ገበሬዎች ተወለደ። የሮማው ጳጳስ ሊዮ 13ኛ «ሬሩም ኖቫሩም» የተባለው የ1891 መልእክት የሠራተኛ ደመወዝ ለኑሮው ሊበቃው እንደሚገባ ሲናገር፣ ራያን ገና የዘርዐ ክህነት ተማሪ ነበር። በ1906 «የኑሮ ደመወዝ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ክርክሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ሰው ገበያው ያወጣለትን ዋጋ አያክልም፤ የሚሠራ ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ የሚያኖረው ደመወዝ ይገባዋል፤ አሠሪው በፈቃዱ ካልሰጠ መንግሥት በሕግ ይደንግግ። በ1913 የሚኒሶታን ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግ በማርቀቅ ረዳ። በ1919 የአሜሪካ ጳጳሳት ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ እርጅና መድን ያወጡትን ሰነድ የጻፈውም እሱ ነው። አገር አቀፍ የሠራተኞች ጡረታ ሕግ ባልነበረበት ጊዜ!

ከዚያ መሸነፍ መጣ። በ1923 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የዋና ከተማዋን የዋሽንግተንን የሴቶች ዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ሻረው፤ ሁለት ሰዎች ተስማምተው የተዋዋሉትን ዋጋ መንግሥት አይነካውም በሚል። የተስማሙት ሁለቱ ግን እነማን ነበሩ? አንዷ እንጀራ የሌላት፣ ሌላው እንጀራውን የያዘ። ራያን አሥራ አራት ዓመት ያንኑ ክርክር ይዞ ጠበቀ። በዋሽንግተን ግዛት፣ ዌናቺ በምትባል ከተማ ኤልሲ ፓሪሽ የምትባል የሆቴል አልጋ አንጣፊ ነበረች። ሕጉ ለ48 ሰዓት ሳምንት 14 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይላል፤ እሷ ከዚያ በታች ተከፍሏት የቀረባትን 216 ዶላር ከ19 ሳንቲም ጠይቃ ከሰሰች። ክሱ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ፤ በማርች 1937 አምስት ለአራት ፈረዱላት። በሚቀጥለው ዓመት በሰዓት 25 ሳንቲም የሚለው የፌዴራል ሕግ ወጣ። ከመጽሐፉ እስከ ሕጉ 32 ዓመት። ከዚህ ታሪክ የሚነካኝ የቄሱ ትዕግሥት ብቻ አይደለም። ሐሳቡን ቄሱ ተሸከመው፤ በሩን የከፈተችው ግን አንጣፊዋ ናት፤ በራሷ አፍ፣ በራሷ ስም፣ እስከ ሳንቲሙ ቆጥራ።

የ1938ቱ ሕግም ጎዶሎ ነበር። የቤት ሠራተኞችንና የእርሻ ሠራተኞችን ውጪ አስቀራቸው፤ በደቡቡ ከእነሱ ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። የሕግ አርቃቂው ጆሮ የፋብሪካውን ሰው ሰማ፤ የጓዳዋን ሴት አልሰማም። ቤይሩት ወይም ሪያድ የሠራች እህት ያለችው አንባቢ ይህን ለማስረዳት እኔን አያሻውም።

ስለ ሌላ ሰው የሚናገሩት ሰዎች እርስ በርሳቸውም ይጣላሉ። በማርች 2010 የጤና መድንን ለብዙዎች የሚያዳርሰው ሕግ ሊወሰን ሲል የአሜሪካ ጳጳሳት ጉባኤ ተቃወመው። ጳጳሳቱ ለድሀ ሕክምና ጠላት ሆነው አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት ሲጠይቁ የኖሩት እነሱ ናቸው። የመንግሥት ገንዘብ ለውርጃ ይውላል ብለው ፈሩ። በሲስተር ሲሞን ካምቤል የሚመራው «ኔትወርክ» ግን ሕጉ እንዲያልፍ የሚጠይቅ ደብዳቤ በብዙ የደናግል ማኅበራት አለቆች አስፈረመ። ሕጉ 219 ለ212 አለፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቫቲካን የአሜሪካን ደናግል አለቆች ኅብረት ሲገሥጽ «ኔትወርክ»ን በስሙ ጠቀሰው። ሲስተሮቹ በዚያው ክረምት አውቶቡስ ተሳፍረው በዘጠኝ ግዛቶች ዞሩ፤ ለድሀው የሚውለውን የሚቀንሰውን የበጀት ዕቅድ ለመቃወም። ሲንሲናቲ ላይ የአንዲት ሟች እህት አገኘቻቸው። ሟቿ ሥራዋን ስታጣ የጤና መድኗም አብሮ ሄደ፤ የካንሰር ምልክት ሲታይባት የምታሳየው ሐኪም አልነበራትም፤ ሞተች። ሲስተር ሲሞን የሴትዮዋን ታሪክ ይዘው በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ተናገሩ።

በዚህ ክርክር ልቤ ከሲስተሮቹ ጋር ነው። የታመመ ሰው ቀን አይቆጥርለትም። ጳጳሳቱን ግን ልብ የላቸውም አልልም። በእነሱ ዓይን ያልተወለደው ሕፃን ከሁሉም ይልቅ አፍ የሌለው ነው። ጠቡ አፍ የሌለው ማን ነው በሚለው ላይ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ጥያቄውን በቅንነት ጠይቋል። በ2025ቱ ሕግ ላይም ጳጳሳቱ አንዳንዱን አንቀጽ ደገፉ፤ የምግቡንና የሕክምናውን ቅነሳ፣ በስደተኞች ላይ የመጣውን ደግሞ በጠንካራ ቃል ነቀፉ። ምስጋናና ነቀፌታ በአንድ እስትንፋስ ሲወጡ ሹም የሚሰማው ምስጋናውን ነው። ይህን እንደ ጉድለት እቆጥርባቸዋለሁ።

ሌላ ክስ ደግሞ አለ፤ የሚናገሩት ስለ ኪሳቸው ነው የሚል። የካቶሊክ ጉባኤው ከመንግሥት ገንዘብ እየተቀበለ ለአሥርት ዓመታት ስደተኞችን ሲያሰፍር ኖሯል። ከእኛ ሰዎች ስንቱ ነው አውሮፕላን ጣቢያ በእነሱ ሠራተኛ የተቀበለ፣ የመጀመሪያ ፍራሹን ከእነሱ ያገኘ! በ2025 መጀመሪያ አንድ ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣን በአደባባይ ይህንኑ ክስ አሰማ። ገንዘቡም ታገደ፤ በኤፕሪል ጉባኤው ከመንግሥት ጋር የነበረውን ውል እንደማያድስ አስታወቀ። ክሱ እውነት ቢሆን ኖሮ ዝምታው ከዚያ መጀመር ነበረበት። በኖቬምበር 2025 ጳጳሳቱ ባልቲሞር ተሰብስበው በስደተኞች ላይ የሚደረገውን የጅምላ ማባረር የሚቃወም ልዩ መልእክት 216 ለ5 በሆነ ድምፅ አወጡ። ሁለት ልብ ያልሆነ ቃል ከጳጳሳት ጉባኤ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል። እንጀራው የቀረበት ደጅ ጠኚ አሁንም ደጁ ላይ ከቆመ፣ የቆመው ስለ እንጀራው አልነበረም።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» የሚል ቃል ነበራቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲደባደቡ፣ ጉልበተኛ ደካማውን ሲጎትት፣ ዘበኛም ወታደርም ያልሆነ መንገደኛ ይህን ይልና ጉልበተኛው ይቆማል። ሕጉ አምላክ እንዳለው ሁለቱም ያምናሉ። ይህ ቃል ሕግን ከሚያስፈጽመው ሰው በላይ፣ ከሚያወጣውም ሰው በላይ ያደርገዋል። 218 ሰው እጅ ስላወጣ ብቻ ነገሩ ፍትሕ አይሆንም፤ እጅ ያወጡትም የሚጠየቁበት ቦታ አለ። ሲስተሮቹ በምክር ቤቱ መተላለፊያ የሚሉትን ወደ አማርኛ መልስ ብባል ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኝም። ማንም አልሾማቸውም፤ መንገደኛ ናቸው፤ ግን «በሕግ አምላክ» ይላሉ።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። ስለ ሰው መናገር የለመደ አፍ ሰውየውን መስማት ይተዋል። እኔም ደርሶብኛል። ከደብዳቤው ሳምንት በኋላ ለጎረቤቴ «ታሪክሽን ንገሪኝና ለተወካዩ ቢሮ በእንግሊዝኛ እጽፍልሻለሁ» አልኳት። እሁድ ከሰዓት ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀመጥን። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ነገረችኝ፤ እኔ ጻፍኩ፤ ሲያልቅ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። የመጀመሪያው መስመር «ሁለት ልጆች የማሳድግ ችግረኛ እናት ነኝ» ይላል። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ችግረኛ ነኝ አላልኩህም ጋሼ። ሠራተኛ ነው ያልኩህ።»

እውነቷን ነው። አላለችም። ሰርዤ «ሠራተኛ» ብዬ ጻፍኩ፤ ስሟን ራሷ ፈረመች። ደብዳቤው ተላከ። ምላሽ እስካሁን አልመጣም፤ እሷም አሁንም ሌሊት ትሠራለች።

ይህን የምታነቡና የአሜሪካ ዜግነት የያዛችሁ ወገኖቼ፣ እሷ የሌላት ድምፅ በእጃችሁ አለ። አቤት የሚባልበትን ቦታ በመጨረሻ ጠይቄ አግኝቻለሁ። የምክር ቤቱ ስልክ ማዞሪያ 202-224-3121 ነው። የምትኖሩበትን ንገሯቸው፤ ከተወካያችሁ ቢሮ ጋር ያገናኟችኋል። ስለ ቃርሚያው ጠይቁ።